ትሁንና ሁለቱ ካርዶቿ

ከካርድ ክፍል የወጣሁት ዓይኔ ስለደከመና ኮምፒውተር ስለመጣ ነው። ሁለቱ ባንድ ዓመት ተከታትለው መጡ፤ የትኛው እንዳስወጣኝ እኔም አልለየሁትም። ጡረታዬን አስከብሬ ቤቴ ከተቀመጥኩ ወዲህ ስለ ትሁን ለልጆቼ ደጋግሜ አወራለሁ። ትሁን የልጅነት የክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ በወጣትነቷ ሞታለች። ትልቋ ልጄ ሰሞኑን፣ «እማዬ፣ ይችን ታሪክ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ አድርገሽ ነው የምትነግሪን። ጻፊውና ይለይልሽ» አለችኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት የሰው ስም ስጽፍ ስለኖርኩ እጄ ከብዕር ጋር አልተጣላም። የሚለይልኝ ከሆነ እነሆ ልጻፈው።

ከትሁን ጋር ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ባንድ ዴስክ ተቀምጠናል። ትምህርት ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ከእሷ በፊት የተወለዱት ሦስት ልጆች ስላልበረከቱ አባቷ «ይችስ ትሁን» ብለው ስሟን አወጡላት። እሷም እንደ ስሟ የምትኖር፣ የምትሮጥ፣ የምትጮህ ልጅ ነበረች። እኔ ደግሞ በሩን ዘግቼ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ የማይ፣ እርሳሴ ከቦርሳዬ አለመውደቁን በየመታጠፊያው የምዳብስ ነበርኩ።

«አንቺ እኮ ስትሞቺም የሣጥንሽን ክዳን ከውስጥ ሆነሽ ትነቀንቂዋለሽ፣ በደንብ ተዘግቶ እንደሆን ለማየት!» ትለኝ ነበር።

ሒሳብ አይሆንላትም። በፈተና ሰዓት መልሴን ሁለቴ ሳላረጋግጥ አላሳያትም ስል በክርኗ ትጎስመኛለች። «ተሳስተሽም ቢሆን አሳይኝ፤ አብረን እንሳሳት!» ትላለች። አንድ ቀን መምህሩ ሰምተው ሁለታችንንም አስወጡን። ውጭ ቆመን እኔ ሳለቅስ እሷ ትስቅ ነበር። ይህን አጥርቼ አስታውሳለሁ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ነገር እየተምታታብኝ የልጅነቱ እንዴት ሊጠራልኝ እንደቻለ አላውቅም።

ከስድስተኛ በኋላ ሁለታችንም አልቀጠልንም፤ እኔ እናቴ ታማ፣ እሷ አባቷ «ከተማ አልልክም» ብለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኔ በአካባቢያችን ባለች ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ በጽዳት ተቀጠርኩ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጽፈውም፤ ዛሬ እዚያ ያሉት ሰዎች ምንም አላደረጉም።

ከጽዳት ወደ ካርድ ክፍል ያስገቡኝ ጋሼ ይበልጣል ናቸው። ጋሼ ይበልጣል ቅኔ ቤት ብዙ ዓመት ቆይተው፣ ዓይናቸውን ታመው ለሕክምና መጥተው፣ በዚያው የካርድ ሠራተኛ ሆነው የቀሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ወለል ስጠርግ ወድቆ ያገኘሁትን የስም ካርድ በቦታው መልሼ አስገባሁ። ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ኖረዋል።

«ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«ፊደል ተራውን አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ኃይሉን የት አስገባሽው?»

«ከሀ ነዋ።»

«ከየትኛው ሀ?» ብለው ሳቁ። «ሀሌታው ሀ አለ፣ ሐመሩ ሐ አለ፣ ብዙኃኑ ኀ አለ። አንዱ ጸሐፊ ባንዱ፣ ሌላው በሌላው ይጽፋል። ስም እንደ በግ ነው፤ ከመንጋው ስታጭው ጎረቤት በረት ግቢና ፈልጊ።»

ሥራው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ ትልቅ ካርድ አለ፤ ሐኪሙ የሚጽፍበት። ትልቁ ካርድ በቁጥር ተሰልፎ ይቀመጣል። ቁጥሩን ለማወቅ ደግሞ በመሳቢያ ውስጥ በፊደል ተራ የተሰደሩ ትንንሽ የስም ካርዶች አሉ። ስሙ ከጠፋ ቁጥሩ ይጠፋል፤ ቁጥሩ ከጠፋ የሰውየው ሕመም ሁሉ ይጠፋል። ሐኪሙ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ጋሼ ይበልጣል ካርድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ችኩል ሰው አይወዱም። ለሴት ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ማን ይሉሻል? ወላጆችሽስ ማን ይሉሻል? አማትሽስ ማን ትልሻለች? በእኛ አገር ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ከዚያ ወዲያ በባሏ ቤት በድሮ ስሟ የሚጠራት የለም፤ መጥራቱም ነውር ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት በልጅነት ስሟ አንድ ካርድ፣ በአማቷ ስም ሌላ ካርድ ታወጣለች። እንዲህ ያለ ሲገኝ ጋሼ ይበልጣል ሁለቱን ካርዶች በመርፌና ክር ሰፍተው አንድ ያደርጓቸውና በስም ካርዶቹ ላይ ሁለቱንም ስሞች ይጽፋሉ። ይህንን «ማጋባት» ይሉታል።

አንዳንዴ ጥያቄው ያስቃል።

«ማን ይሉሻል?» ይላሉ።

«ደስታ።»

«እናትሽስ?»

«እናቴማ ሞታለች፣ ነፍሷን ይማረውና።»

«በሕይወት ሳለች ማን ትልሽ ነበር?»

«አንቺ!»

ሰልፉ ሁሉ ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይስቁም፤ ብዕራቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ደስታ ትንሽ ታስብና «ኧረ ለካ ብርቄ ነው የምባል!» ትላለች። ካርዷ ከብ ይወጣል።

ካርድ ክፍል በገባሁ በዓመቱ ገደማ ትሁን ጉሮሮዋ አብጦ መጣች። ገና አላገባችም ነበር። ካርዷን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ በውብ ጽሑፍ፣ ሁለቴ አይቼ። መርፌ ወጓት። ወዲያው ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ፤ ነርሷ ሮጣ ሌላ መርፌ ወግታ መለሰቻት። ከዚያ ነርሷ በካርዷ ሽፋን ላይ በቀይ ብዕር ከጥግ እስከ ጥግ መስመር አሰመረችበት፤ ከመስመሩ በታች በእንግሊዝኛ ጻፈች። ምን እንዳለች ስጠይቃት፣ «ፔኒሲሊን የሚባለው መርፌ አይስማማትም፣ ዳግመኛ ከተወጋች ያስፈራል ማለት ነው» አለችኝ።

ትሁን ከንፈሯ እንዳበጠ መስኮቴ ላይ መጥታ፣ «ይኸውልሽ፣ ንብ የነደፋት አህያ መሰልኩልሽ!» አለችኝ።

ጋሼ ይበልጣል ከውስጥ ሰምተው፣ «ትሁን ያሏትን ማን አትሁን ይላታል!» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን። ያንን ሳቅ ዛሬ ሳስበው ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ትሁን ዘግይታ ነው ያገባችው። ሠርጓ ላይ አልነበርኩም፤ አራስ ነበርኩ። የባሏ አገር ከኛ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግር ነው። ከዚያ በኋላ አልተገናኘንም። አማቷ ማን ብላ እንደሰየመቻት አላውቅም ነበር፤ ጠይቄም አላውቅም።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ።

የገበያ ቀን ነበር። ጋሼ ይበልጣል ለስብሰባ ደብረ ማርቆስ ሄደዋል፤ ብቻዬን ነኝ። ይህችው ጻፊ ያለችኝ ልጄ ያኔ ሕፃን ነበረች፤ ኩፍኝ ይዟት ለጎረቤት ትቻት ነው የወጣሁት። ጠዋት ስወጣ ግንባሯን ዳስሼ፣ በሩ ላይ ደርሼ ተመልሼ እንደገና ዳስሻታለሁ። ሰልፉ ከመስኮቱ እስከ አጥሩ ደርሷል። ዝናብ ጥሎ ነበር።

አራት ወንዶች አንዲት ሕመምተኛ በወሳንሳ ተሸክመው መጥተው ውጭ አግዳሚው ላይ አሳረፏት። ጋቢ ተከናንባለች። አንዲት ትልቅ ሴት ነጠላዋ በዝናብ እንደራሰ ወደ መስኮቱ መጣች።

«ምራቴ ናት። ደረቷን ነው፤ አጣድፏታል። ቶሎ በይልኝ፣ እቴ።»

«ማን ትባላለች?»

«ጥሩወርቅ።»

«የአባቷስ ስም?»

የልጇን ስም ሰጠችኝ። የባልን ስም እንደ አባት ስም መስጠት የተለመደ ስሕተት ነው፤ እኔም ሳላጣራ ጻፍኩት።

«ካርድ አላት?»

«የት አውጥታ! ዛሬ ነው ያመጣናት።»

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የማይለይልኝ። ሁለት ትዝታ አለኝ። በአንደኛው፣ «ወላጆቿስ ማን ይሏታል?» ብዬ ጠይቄያታለሁ፤ እሷም ነጠላዋን እየጨመቀች፣ «እኔ ያወጣሁላት ስም ይበቃታል» ብላኛለች፤ ከኋላዋም አንድ ሰው «ኧረ ፍጠኑ፣ ሰው እየሞተ ነው!» ብሎ ጮኋል። በሁለተኛው ምንም አልጠየቅኳትም። ስለ ልጄ እያሰብኩ፣ ምሳ ሰዓት ስንት እንደቀረው እየቆጠርኩ፣ አዲስ ካርድ አንሥቼ «ጥሩወርቅ» ብዬ ጽፌያለሁ። በሁለቱም ውስጥ ነጠላው ርሷል። በሁለቱም ውስጥ የሴትየዋ ጣት ላይ የብር ቀለበት አለ። አንዱን እውነት ነው ብዬ ልይዘው ስል ሌላው ይመጣል።

አዲሱን ካርድ ይዘው ገቡ። ሰልፉን ቀጠልኩ። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ዋይታ ተሰማ። ጤና ጣቢያ ውስጥ ዋይታ ይሰማል፤ ብዕሬን ትንሽ አቆምኩና ቀጠልኩ። ማታ ካርዱ «አርፋለች» ተብሎ ሲመለስልኝ በቁጥሩ ቦታ አስገባሁት።

በስምንተኛው ቀን ገበያ ውስጥ የትሁንን ወንድም አገኘሁት። ራሱን ተላጭቷል።

«ምነው፣ ማን ሞተባችሁ?» አልኩት።

«አልሰማሽም? ትሁን እኮ አረፈች።»

«የት?»

«እናንተው ዘንድ ናት የሞተች። አላየሻትም እንዴ?»

የያዝኩትን ትቼ ወደ ካርድ ክፍል ተመለስኩ። ከት መሳቢያ የትሁንን ቁጥር፣ ከጠ መሳቢያ የጥሩወርቅን ቁጥር አወጣሁ። ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አደረግኳቸው። አንዱ ላይ ቀዩ መስመር ከጥግ እስከ ጥግ አለ። ሌላው ሽፋኑ ንጹሕ ነው።

ያን ቀን የነበረው ነርስ ለቦታው አዲስ ነበር። ስጠይቀው፣ «ሳንባዋ አልቆ ነው ያመጧት። የፔኒሲሊን መርፌ ሰጥቻታለሁ፤ ባልሰጣትም ያን ቀን አታልፍም ነበር» አለኝ። የጽዳት ባልደረባዬ ደግሞ፣ «እስክትወጋ ድረስ ውኃ ስጡኝ እያለች ነበር፤ ወዲያው ነው ፊቷ የተለወጠ» አለችኝ። የጥሩወርቅን ካርድ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚችሉ ሁለት ሰዎች በተለያየ ጊዜ አሳየሁ። አንዱ «የሳንባ ምች ነው የሚለው» አለ። ሌላው «ስለ ሞቷ ምክንያት ምንም አይልም» አለ። ገድያታለሁ ለማለትም፣ አልገደልኳትም ለማለትም የሚያበቃ ነገር አላገኘሁም።

ጋሼ ይበልጣል ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠይቀሻታል ወይ አላሉኝም። ካርዶቹን አገላብጠው አዩና፣ «አጋቢያቸው» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

መርፌና ክር በኪሴ ይዤ አንድ ሳምንት ዞርኩ። አልሰፋኋቸውም። ዘመዶቿ መጥተው ቢጠይቁ፣ ሁለቱ ካርድ ተያይዞ ቢገኝ፣ ልጆቼን ማን ያሳድጋል እያልኩ ፈራሁ። ትሁንን ወደ ቁጥሯ፣ ጥሩወርቅን ወደ ቁጥሯ መለስኳቸው። ጋሼ ይበልጣል በኋላ አይተው እንደሆን አላውቅም። የሌሎችን ሥራ አገላብጠው የሚያዩ ሰው የኔን መሳቢያ ከዚያ ወዲህ ሲከፍቱ አላየኋቸውም። አምነውኝ ይሁን አዝነውብኝ እስከ ዛሬ ይደናገረኛል፤ እሳቸውም ካረፉ ቆዩ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ይበልጥ በጥንቃቄ ሠራሁ ብል ውሸት አይደለም። ደጀን ተዛውሬ ጥቂት ዓመት ስሠራ ከመኪና አደጋ ራሳቸውን ስተው ለሚመጡ፣ ስማቸውን ለማይናገሩ ሰዎች የልብሳቸውን ቀለም ካርዱ ላይ እጽፍ ነበር። ተመልሼም መጣሁ። አለቆች ተለዋወጡ። አንዱ «መስኮት ላይ ወሬ አይበዛ» የሚሉ ነበሩ፤ እሳቸው ሲሄዱ ጠብቄ ሦስቱን ጥያቄ እጠይቃለሁ። ከልማዴ የተነሣ አንዴ ወንድ ሰውን ሳይቀር «አማትህስ ማን ትልሃለች?» ብየው፣ «ሌባ!» ብሎኛል። ደመወዙንና እድገቱን አላነሣውም፤ ልጆቼ አድገውበታል።

ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ የድሮ ካርዶች በማዳበሪያ ከረጢት እየታሰሩ ወደ መጋዘን ይገቡ ነበር። እኔ ነበርኩ የምለይ። የነዚያን የሁለቱን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እነሱ ያሉበት መደርደሪያ ላይ ስደርስ ነገ እያልኩ አለፍኩት። በዚያ ሰሞን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ኮምፒውተሩን ወደያዘችው ወጣት መጣች።

«የእናቴን ካርድ ፈልጉልኝ» አለች። «አዋላጇ፣ ከቤተሰብሽ መድኃኒት ያልተስማማው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ እዚህ ነው የሞተች ይላሉ። እኔ ጡት አልጣልኩም ነበር፤ በምን እንደሞተች አላውቅም።»

«እናትሽ ማን ይባላሉ?»

«ጥሩወርቅ።»

ወጣቷ ነካ ነካ አደረገችና፣ «የለችም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ አልገባችም» አለች።

«እኔ አመጣላታለሁ» አልኩ።

መደርደሪያዎቹ መሐል ሁለቱን ይዤ ቆምኩ። አንዱን ብሰጣት ታመሰግነኛለች። ሁለቱን ብሰጣት ትጠይቀኛለች። የጥሩወርቅ ካርድ ንጹሕ ነው፤ አዋላጇ ብታየው «ምንም የለም» ብላ ትመልስላታለች። ለልጅ ይተላለፍ አይተላለፍ እኔ አላውቅም፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን አዋላጇ የጠየቀችው ለነገሩ ብላ አይደለም። የገዛ ልጆቼ ሲወልዱ በር ላይ ቆሜ አዋላጇን የማስቸግር እናት ነኝ። እንዴት አድርጌ ንጹሑን ካርድ እሰጣታለሁ?

ወደ ውጭ ወስጃት ተቀመጥን። ሁለቱንም ካርዶች ጭኗ ላይ አድርጌ፣ ከዴስካችን ጀምሬ እስከ ኪሴ መርፌና ክር ድረስ ነገርኳት። ምን ያህሉ እንደገባት አላውቅም።

«ትሁን?» አለች በመጨረሻ። «ትሁን ነው ስሟ?»

«አልነገሩሽም?»

«አያቴ ጥሩወርቅ ነው የምትላት። ሁላችንም እንደዚያው።»

«አያትሽ ስለዚያ ቀን ያለችው ነገር አለ?»

«ብዙ ነው የምትለው፣ እትዬ። ሲላት 'ስሟን ጠይቀውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኩ' ብላ ደረቷን ትመታ ነበር። ሲላት ደግሞ 'ኧረ ማን ጠይቆኝ!' ትላለች። ባለፈው ጾም አረፈች።»

እኔ ብቻ የያዝኩት የመሰለኝን ያንን ሁለት ትዝታ እዚያ ማዶ ሌላ ሴትም ይዛው ኖራለች። ይህ ማስረጃ ይሁን ማደናገሪያ ላስብ ስል ልጅቷ ቀደመችኝ።

«ያን ቀን እናቴ መናገር ትችል ነበር?»

«ውኃ ስጡኝ ትል ነበር ብለውኛል።»

«የት ነበር ያስተኟት?»

«እዚሁ። አሁን የተቀመጥንበት ቦታ ነው፤ ያኔ የእንጨት አግዳሚ ነበር።»

ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት አየች። ከተቀመጥንበት እስከዚያ ከዐሥር እርምጃ አይበልጥም። ሳትቆጣ፣ እንደሚገርማት ሰው ብቻ፣ «ታዲያ አያቴን ከምትጠይቂ ወጥተሽ እሷን ለምን አልጠየቅሻትም? ብታዪያት ታውቂያት ነበር እኮ» አለችኝ።

ይህን ያህል ዓመት አማቷን ጠየቅኳት ወይስ አልጠየቅኳትም እያልኩ ኖሬያለሁ። ይህኛውን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ጋቢውን ከፊቷ ገለጥ ባደርገው ስም አያስፈልገኝም ነበር።

«አልወጣሁም» አልኳት። በዚህኛው ላይ ሁለት ትዝታ የለኝም።

ልጅቷ ካርዶቹን አነባብራ በሁለት እጇ ያዘች። ይቅር አላለችኝም፤ አልረገመችኝምም። ከዚያ ሆዷን ደግፋ ተነሣች።

«ነይ፣ ለአዋላጇ አንቺው ንገሪያት» አለች። «እኔ ስሞቹን አምታታባታለሁ።»

ተከትያት ገባሁ። አዋላጇ ቀዩን መስመር አይታ ቀና አለች።

«የማን ካርድ ነው ይሄ?»

«የትሁን» አልኩ እኔ።

«የእናቴ» አለች ልጅቷ።